ዶክተር ባይነሽ ሀብተሚካኤል፦ በድንጋይ ውስጥ ባሕር ያገኙት

ዶክተር ባይነሽ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈለቀች በ1957 ዓ.ም. በአዲስ ከተማ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተወለዱ። በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ጣሰው ተከተላቸው፤ ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው።

እህቱ ከክፍላቸው አንደኛ በወጡ ቁጥር አባት ካርዱን መርካቶ ሱቃቸው ውስጥ ሰቅለው ለደንበኛ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ጣሰው አምስተኛ ሲወጣ የጠየቀው ሰው የለም።

ዶክተር ባይነሽ በ1974 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኬሚስትሪ ተመረቁ። ጀርመን አገር ዶክትሬታቸውን ይዘው በ1988 ዓ.ም. ተመለሱና በመምህርነት አገለገሉ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ ማርያም ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ቃሊን ወለዱ።

ሙያቸው ሞለኪውላዊ ቅሪተ አካል ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር አካሉ ጠፍቶም እንኳ ድንጋይ ውስጥ የሚተወው የስብ ርዝራዥ። በእሱም የዓባይ በረሃ ጥንት ባሕር ሳለ በውኃው ምን ይኖር፣ በዳርቻውስ ምን ይበቅል እንደነበር ያጠኑ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ከዚያው በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልለው ያመጡትን ድንጋይ በጣሰው ዕቃ ቤት አስቀመጡ፤ ፕላስቲክ እንዳይነካውም አደራ አሉ። አባት፣ «ፌስታሉን ወዲያ አውጣው፤ የእህትህ ድንጋይ ቦታ ይፈልጋል» አሉት። በጅምላ እየሸጠ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበትን ፌስታል!  ጣሰው ወረቀቱን ገፎ ድንጋዩን ፌስታል ውስጥ ከተተ፤ ከሳምንት በኋላ መልሶ ጠቀለለው።

ምርመራው የፕላስቲክ ዘይት ብቻ አወጣ። ዶክተር ባይነሽ ማንንም ሳይወቅሱ የዓባይን ገደል እንደገና ወረዱ። በሦስተኛው ዓመት የባሕር ዋቅላሚ (አልጌ) ስብና የጥንት ዕፅዋት ሰም አገኙ። አባት ግን ይህን ሳያዩ አርፈው ነበር።

አምና ካንሰር ዶክተር ባይነሽን አልጋ ላይ ሲጥላቸው ጣሰው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ «እታለም፣ ድንጋዩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሌላ ማን ያዘ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገር አባባ ዓይንህን ለማየት ይጠላ ነበር። ደግሞ እኔም ቀንቼብህ ነው የኖርኩት። እማማን አስታመህ የቀበርካት አንተ፤ እኔ ጀርመን ሆኜ በደብዳቤ ሰማሁ።» ቀጥለውም፣ «ታሪኬን አንተ ጻፈው፤ ይህንንም አትዝለል» አሉት።

ዶክተር ባይነሽ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው አረፉ። ጣሰው ዛሬ የራጉኤልን ቅጥር የሞላውን ለቀስተኛ ሲያይ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ አሁንም ቀንቷል።

እግዚአብሔር የእህቱን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑር፤ የእሱንም ልብ ያሳርፍለት።