የዳኜ ግራ ክንድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

በላቸው ዛሬም አልፈረመም። ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ልጄ ዳኜ ሐሙስ ትከሻው ላይ ኦፕራሲዮን ይደረጋል ተብሏል፤ ሆስፒታሉ ግን የቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ካላየ አያስተኛም። ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የቀረው የአንድ ደላላ ፊርማና ማህተም ነው።

ደላላ ማለቴ ስድብ አይደለም፣ ሥራው ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ቤት ሲያከራይ ኖሮ አብዮት ሲመጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። አሁን ጓድ ካላሉት አንገቱን አያዞርም።

በመስከረም የቀበሌውን ጤፍ እንዲያርሙ ብሎ ሁለቱን ልጆቼን ፍሬን በሌለው መኪና ወደ ጎሮ የላካቸው እሱ ነው። መኪናው ተገለበጠ። ሰሎሞን፣ ታላቁ፣ እዚያው ቀረ። ዳኜ በትከሻው ወደቀ፤ ግራ ክንዱ ከዚያ ወዲህ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። በላቸው ለቅሶ መጣ፣ "መስዋዕትነት" አለ፣ ንፍሮ በላ፣ ሄደ።

የሆስፒታሉ የውጭ አገር ሐኪም እንዳለው አጥንቱ ደህና ነው። የተበጠሱት ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ናቸው። ከባቱ ቀጭን ነርቭ አውጥቶ ይቀጥላቸዋል። ስድስት ወር ካለፈ ግን ጡንቻው ይሞታል፣ ቢቀጠልም ከንቱ ነው። አምስቱ አልፏል። ሐኪሙም በወሩ መጨረሻ አገሩ ይገባል። ከሐሙስ ሌላ ተራ የለም።

ማክሰኞ

ለምን እንደማይፈርም ዛሬ ነገረኝ። እሑድ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ሲያሰማ ዳኜ ቀኙን አነሣ። የቀበሌው ጸሐፊ መዝግቦታል።

"ግራው ሽባ ነው እኮ" አልኩት።

"እትዬ አስካለ፣ ቀኝ የአድኃሪ ነው። ነገ ውይይት ክበብ ላይ ግለ ሂስ ያድርግና ግራውን ያንሣ፣ እፈርማለሁ።"

"በምን ያነሣዋል?"

"እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።"

የቴክኒክ ጉዳይ! ይህን ቃል ከየት እንዳገኘው እንጃ።

ዳኜ "ክንዴ ይበስብስ እንጂ ለሱ አልቆምም" አለ። ኩራት ሁለት እጅ ላለው ነው ብዬ ጮኽኩበት። ወዲያው ቆጨኝ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ጎረቤቴ ደግሞ ዛሬም ቅቤ ይታሽ ትላለች። አምስት ወር ታሸ። ቆዳው አማረ፣ ክንዱ ያው ነው።

ረቡዕ

ዳኜ አድሮ ሐሳቡን ለወጠ፣ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ይቆረጥበታል። ዳኜ ተነሥቶ ቆመ።

"ግራ እጄን ባለማንሣቴ አጥፍቻለሁ" አለ። "ጥፋቴን ለማረም ዝግጁ ነኝ። ሐኪሙም ዝግጁ ነው። የቀረን የጓድ ሊቀመንበር ፊርማ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሌሎችም ሳል ያዛቸው። በላቸው ፊቱ ቀላ። "መፈክር!" ብሎ ጮኸ።

ዳኜ በቀኝ እጁ የግራውን አንጓ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። መዳፉ ግን ወደ ታች ታጠፈ፣ ጣቶቹ ተዘረጉ። "ጨብጥ እንጂ!" አለው በላቸው። ያኔ ወጥቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለትና በእጄ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። በላቸው "ኢትዮጵያ ትቅደም" አለ። አንድም ሰው አልተቀበለም። እኛን ሲያዩ ነው ወይስ መቀበሉን ረስተው፣ አላውቅም። እንደገና አለ። ሦስት አራት ሰው አጉተመተመ።

ስብሰባው ሳያልቅ ፈረመ። ለመገላገል ቸኩሎ ማህተሙን ገልብጦ መታው። ትንሽ ሰው።

ሐሙስ

ሆስፒታሉ የተገለበጠውን ማህተም ተቀበለ። ጠዋት አስገቡት፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ቆይተው አወጡት። ሐኪሙ በአገሩ ቋንቋ ይናገራል፣ ሲስተሯ በአማርኛ ትነግረኛለች።

"እማማ፣ ሁለቱን ነርቮች ቀጥለዋቸዋል። አንዱ ከሥሩ ተነቅሏል፣ እሱን መቀጠል አይቻልም።"

"እጁ ይሠራል?"

"ክርኑ ይታጠፍ ይሆናል። ጣቶቹን ተስፋ አይሰጡም። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ በቀን የጤፍ ፍሬ ታህል።"

ከትከሻ እስከ ክርን ስንት ጤፍ እንደሚሰለፍ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት።

ቅዳሜ

በላቸው ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ያውም ከጸሐፊው ጋር። አልጋው ግርጌ ቆሞ "አብዮቱ አሳከመህ" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ክንዱ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ይደርሳል?"

"ነርቭ በቀን ጤፍ ታህል ነው የሚሄደው" አልኩት። "አንተ ከደላላነት ወደ ሊቀመንበርነት የሮጥከውን ያህል አይሮጥም።"

ጸሐፊው ብዕሩን አወጣ፣ አየኝ፣ መልሶ ኪሱ ከተተ። ሄዱ። ዳኜ "እማዬ፣ ትታሰሪያለሽ" አለኝ። ብርቱካኑን ለጎረቤት አልጋ ሰጠሁ።

አሁን ተኝቷል። ክንዱ ከደረቱ ጋር ታስሯል፣ ሦስት ሳምንት መንቀሳቀስ የለበትም። ነርቭ የወሰዱበት እግሩ ጎኑ ደንዝዟል፤ የግራ እጁን አውራ ጣት ደግሞ እሳት እሳት ይለኛል ይላል። ጥሩ ምልክት ነው ወይ ብዬ ሲስተሯን ጠየቅኳት። "እማማ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ አይታወቅም" አለችኝ። በዚህ ዓመት እውነቱን ያልሸሸገችኝ እሷ ብቻ ናት።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ለሰሎሞን አለቀስኩ። በበላቸው ፊት ላለማልቀስ ስል ለቅሶው ላይ እንኳ በወጉ አላለቀስኩለትም ነበር። ዛሬ ማንም መፈክር አልጨመረበትም። የዳኜ ክንድ ይነሣ እንደሆነ በክረምት እናያለን።