በስንት ትራስ ይተኛሉ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ዝናብ። ጋዋኔ ሳይደርቅ እርጥቡን ለብሼ ሆስፒታል ገባሁ። አለቃችን ሐኪም እንደ ልማዱ፣ «እናንተ ተለማማጆች፣ ማዳመጫችሁን አንገታችሁ ላይ ተዉትና መጀመሪያ በሽተኛውን ጠይቁ!» አለ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሲመጣ የሚጠየቀውን በቃሌ ይዣለሁ። መቼ ጀመረዎት? ሳል አለ? እግርዎ ያብጣል? በስንት ትራስ ይተኛሉ? የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ትራሱ ከበዛ ሰውየው ጋደም ሲል ይታፈናል ማለት ነው፣ ልብ ደክሞ ሳንባው ውሃ ይዟል።

ቤት… ያው ነው። አባዬ አሁንም ሳሎን ወንበሩ ላይ ያድራል። ታናሽ ወንድሜ «ዘበኛችን» ብሎታል። የአባዬን ጥቁር ጫማ ተጫምቶ ይንጎራደዳል። አባዬ ጠበበኝ ብሎ ሰጥቶት ነው። ዕድለኛ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መጡ። ከበሩ እስከ አልጋው ሁለቴ አረፉ። ሚስታቸው ከኋላ።

«እግርዎ ያብጣል?»

«የለም። ጫማው ነው የጠበበኝ።»

«በስንት ትራስ ይተኛሉ?»

«በአንድ።»

አንድ ብዬ ጻፍኩ። አስም ነው አልኩ። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

አለቃችን ወረቀቴን አየ። የሰውየውን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ ቀረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ትናንት የት አደሩ?»

«ወንበር ላይ ነዋ።»

«ትራሱስ?»

«ከጀርባዬ። አንድ ነው አልኳት እኮ ለልጅቷ።»

ሚስታቸው፣ «ክረምቱን ሙሉ ስፌት መኪናው አጠገብ ነው የሚያድረው። ሥራ ወዶ መስሎኝ!» አሉ።

አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያልጠየቅሽውን ከየት ያምጡልሽ?» አለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ልብስ ሰፊው የሚያሸና መድኃኒት ተሰጥቷቸው ጋደም ብለው አደሩ። ሚስታቸው ቁጭ ብለው ሲያዩዋቸው አነጉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል… አባዬ። ወንበሩ ላይ። ትራስ ከጀርባው፣ አንድ። ወንድሜ በዚያ ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማኛል፣ ቋ ቋ ቋ።

ስንት ቀን ሳቅንበት?

«አባዬ፣ አልጋህ ላይ ከተኛህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ምነው? እናትሽ ከሰሰችኝ?»

«መልስልኝ።»

«ወገቤን ነው፣ ልጄ።»

«ጋደም ስትልስ?»

እማዬ እንዳትሰማ ወደ ጓዳ አየ። «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

እግሩን ተጫንኩ። ጣቴን ማንሳት ፈራሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

አባዬ ተኛ፣ እኛው ሆስፒታል። አለቃችን «ልጁ ነሽ፣ አንቺ አትጠይቂውም» አለኝ። አብራኝ የምትለማመደው ጓደኛዬ ጠየቀችው። እኔና ወንድሜ በር ላይ ቆመናል።

«እግርዎ ያብጣል?»

«ኧረ እኔን አያብጠኝም!» አለ አባዬ።

ወንድሜ ቁልቁል እግሩን አየ። «ጫማው እኔ ጋ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ጓደኛዬ ምን እንደሚል አልገባትም። እኔ ገባኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

አባዬ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ። ልቡ ደክሟል። እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን መድኃኒቱን ካላቋረጠ ይኖራል። አለቃችን ለእኔ ነገረኝ፣ እኔ ለአባዬ ነገርኩት፣ አባዬ ግማሹን ለእማዬ። ወንድሜ ጫማውን ቀብቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል። ማንም መልሰው አላለውም።

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ ወንበሩ ባዶ። ክው አልኩ። መኝታ ቤት ሮጥኩ።

ተኝቷል። ያንኮራፋል። እማዬ አጠገቡ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ቤቱን ሲያፈርሰው አደረ» አለች። ቀስ በይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ እንዳልቀሰቅሰው።

ትራሱን አየሁ። ሁለት። አንዱ የእሷ ነው።