ቲኬቴን በገዛ እጄ አተምሁ

ውድ ባልንጀራዬ፣

«ሽማግሌ በሰው አገር ባቡር ጠፋ ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን» ብለህ የሣቅህብኝ ሰው፣ እነሆ ብቻዬን በባቡር ተጓዝሁ። ልጄም እንዳንተው ስለ ሠጋች፣ ከተሳሳትሁ ዳግመኛ ያለ አጃቢ ከቤት ላልወጣ ቃል አስገብታኝ ነበር።

የጣቢያውን ማስታወቂያ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አነበብሁት። ማኅተም ያላረፈበት ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል ይላል። ማተሚያዋ ሣጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፤ ኃላፊው ግን የለም። በእኛ አገር ማኅተም ያለ ኃላፊ መቼ ይነካል? ባርኔጣዬን አውልቄ ኃላፊውን ስጠባበቅ ባቡሩ ደረሰ፤ ልጄም ደወለች።

«አባባ፣ መኪናዬን አስነሥቻለሁ፤ ልምጣልዎ?»

«ሞተሩን አጥፊው!» አልኋት።

ወዲያው አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ ቲኬቷን በሣጥኗ አፍ ከተተች፤ ማኅተሙ ጠቅ ሲል አውጥታው ተሳፈረች። ለካስ እዚህ ኃላፊው ተሳፋሪው ራሱ ኖሯል! ለአንዲት ማኅተም ስንት ደጅ የጠናነው እኔና አንተ አይደለንም? የራሴን ቲኬት ራሴ አትሜ፣ ቀና ብዬ ገባሁ። ተቆጣጣሪውም አገላብጦ አይቶ፣ በአክብሮት መለሰልኝ።

ማታ ይህን ስነግራት ልጄ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ መኪና የምነዳው ይህን ቲኬት ፈርቼ ነው። እሑድ ይዘውኝ ይሂዱ» አለችኝ።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ጠበበኝ፤ ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እሑድ ሁለት ቲኬት አትማለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ