በበረኪና የታጠበ እጅ

ሰኞ

ደሜን አትንኪ አለችኝ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ዓለም ገና ከተማ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ተገልብጦ፣ ተሳፋሪዋ ልጅ ግንባሯ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሰው ከቦ ያያል። ነጠላዬን አጣጥፌ ግንባሯ ላይ ያዝኩት። ደሙ በጣቶቼ መሀል ወርዶ ክንዴ ደረሰ። «እህቴ፣ ደሜን አትንኪ።» አፍራ መስሎኝ አይዞሽ አልኳት። ሰዎች ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ቤት ገብቼ ልብሴን ስቀይር ነው ቃሏ የመጣብኝ። ሰው ለምን ደሜን አትንኪ ይላል? ኤችአይቪ ቢኖርባት ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል።

ሌንሳ ጡት ፈልጋ አለቀሰች። የአምስት ወር ልጅ ምን ታውቃለች። ላነሳት ስል በጡቴ ባስተላልፍባትስ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ከሱቅ የዱቄት ወተት አስመጣሁ።

ማክሰኞ

እጄ ላይ ጭረት ነበረ ይሆን? ሎሚ ጨምቄ አሸሁት፤ የሚያቃጥል ቦታ ካለ ተጭሯል ማለት ነው ብዬ። ምንም አላቃጠለኝም። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ቁርስ ሳልበላ አለቀ። በረኪና ሳልበርዝ አፍስሼ እጄን አጠብኩበት። ከዚያ በሳሙና። ከዚያ ደግሞ በበረኪና።

እማማ ጫልቱ፣ የባሌ እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። «ማል ታቴ፣ ምን ሆነሻል ልጄ? ለምን ጡት አታጠቢያትም?» አሉኝ። ጡቴ ቆስሏል አልኳቸው። ቅቤ ቀቢው አሉ። ውሸቴን ነው እንጂ ጡቴስ ወተት ሞልቶ ድንጋይ ሆኗል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቤ ደፋሁት። አለቀስኩ።

ረቡዕ

ጣቶቼ ተሰነጣጠቁ። ሎሚው ዛሬ አንገበገበኝ። ታዲያ ይሄ ስንጥቅ ሰኞም ነበረ? ትናንት አልነበረም። ወይስ ነበረ፣ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ባሌ ደረጀ ዱከም ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ደወለ። ድምፅሽ ምን ሆነ አለኝ፣ ጉንፋን ነው አልኩት። ቅዳሜ ሲመጣስ ምን እለዋለሁ?

ሌንሳ ጡጦውን ትተፋለች። ሆዷ ተነፍቷል። እያዳንኳት ነው ወይስ እየጎዳኋት? ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ ፈራሁ።

ሐሙስ

እማማ በረኪናውን ደበቁብኝ። «እጅሽን አሳዪኝ። የታመመው ጡትሽ አይደለም» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሌንሳን አዘሉና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ተነሽ» አሉኝ። ሰበታ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ደሙ ዓይኔ ወይ አፌ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልገባም። ሰኞ እጄ ላይ ቁስል ነበር ወይ አለች። ስንጥቁን ዘረጋሁላት። መቼ ጀመረሽ ስትለኝ የበረኪናውንም የሎሚውንም ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አደረገች፤ አየኋት። እጄን ያለ ጓንት ይዛ እያገላበጠች አየችው።

«ይሄን ያቆሰልሽው አንቺው ነሽ፣ ያውም ከደሙ በኋላ። ባልቆሰለ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ደም ኤችአይቪ አያስተላልፍም። ልጅቷ ቢኖርባትም እንኳ። ሂጂና ልጅሽን አጥቢ።»

ደግሜ ጠየቅኳት፤ ሳትሰለች ደግማ መለሰችልኝ። ሌላ ጊዜ ሰው ስትረጂ ፌስታልም ቢሆን እጅሽ ላይ አጥልቂ፣ ከዚያ በውሃና በሳሙና ታጠቢ፣ በረኪና ለልብስ ነው አለችኝ።

እፎይ አልኩ። ታክሲ ውስጥ ግን ብትሳሳትስ አልኩ። ማታም ለሌንሳ ጡጦ ሰጠኋት።

አርብ

ጠዋት አመንኩ፣ ከምሳ በኋላ ተጠራጠርኩ። ስንጥቁ ቅባት ሲነካው መግጠም ጀምሯል። አንድ ነገር ዛሬ ገባኝ፦ ልጅቷ የራሷ ደም እየፈሰሰ ለእኔ ነበር የሰጋችው። እኔ ደግሞ ድና ይሆን ብዬ እንኳ ሳላስብ ሰነበትኩ።

ማምሻውን ሌንሳን ታቀፍኩ። እማማ አይተው እንዳላዩ ሆነው ወጡ። ጡቴን ስሰጣት ፊቷን አዞረች። ረሳችኝ ማለት ነው? ከወተቱ ጠብ አድርጌ ከንፈሯን አስነካኋት። ላሰችው። አሰብ አደረገች። ከዚያ ጡቴን ጎረሰችው፣ በሁለት እጇ ጨምድዳ። ወተቱ ሲወርድ አመመኝ።

ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ግን አላስለቀቅኋትም።