ሦስት ሰዓት ብቻ

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ያልተሻለኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ትኬትሽ ተቆርጧል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመጫለሽ። በስልክ «ቁርሴን በልቼ እነሳለሁ፣ ምሳ ካንተ ጋር ነኝ» ስትዪ ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋው ግን ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ስሄድ ኤርፖርቱ በር ላይ አንገቴን አንቀሽ አለቅም ስትዪ፣ «ሦስት ሰዓት ብቻ እኮ ነው፣ በፈለግሽኝ ጊዜ ከች እላለሁ» አልኩሽ። እውነቱ ግን በአየር ላይ ብቻ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው፤ መሀል ላይ ወርዶ አምስት ሰዓት ሌላ አውሮፕላን መጠበቅም አለ። ይህን ሳታውቂ እንድትሳፈሪ አልፈልግም። የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፤ «ቀረሁ» ብቻ አትበዪኝ።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ የአባዬ ቀብር ነው። እህቴ ጠዋት ደውላ ስታረዳኝ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያዝኩ። ጎረቤቶቻችን ከሰዓት በኋላ ይቀበር ሲሉ፣ አንቺ «ልጄ ሳይደርስ አይወጣም፤ ነገ በዘጠኝ ሰዓት» ብለሽ ድርቅ አልሽ አሉ። አንዷማ «ሦስት ሰዓት አይደል እንዴ? የሚመጣ ቢሆን እስካሁን በደረሰ» ብላ ነበር አሉኝ። በማግስቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። «ምን አቆየህ?» ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ያ እስከ ዛሬ ይበላኛል።

ትናንት እዚህ ላይ አቆምኩ። ዛሬ ርቀቱን በትክክል ልጻፍልሽ ብዬ፣ ከቀብሩ በኋላ ስመለስ በእጄ ያስያዝሽኝን የአባዬን ደብተር አወጣሁት። እስከ ዛሬ ሆዴ አልችል ብሎ ገልጬው አላውቅም። መቼም አባዬ አውቶቡሱን የነዳበትን መንገድ ሁሉ ኪሎ ሜትሩንና ሰዓቱን ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ያለበት፣ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር። በአውሮፕላን ከነመቀየሪያው አሥራ ስድስት ሰዓት ከሃያ። በእኔ አውቶቡስ አሥራ ስምንት ቀን፣ ባሕሩን እግዜር ያውቃል። ለእናቱ እንዳይነገር።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ የገጹን ጥግ አየሁት፤ ታጥፏል። አባዬ ያንን ደብተር እንኳን ሊያጥፈው አቧራም አያስነካውም ነበር። በቤታችን የገጽ ጥግ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው። በመጽሐፎቼ ስንት ጊዜ ተጣልተናል፣ እማ!

እንግዲህ ሌላ የምናዘዘው የለኝም። ሹራብሽን ልበሺ፤ ጉልበትሽን እንድታፍታቺ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር አስይዤልሻለሁ። ምሳው ይደርሳል። የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።

ሦስት ሰዓት የሚርቅሽ ልጅሽ