ስለ ወ/ሮ ፈርሂያ አራጌ ኅልፈትና ስለተፋቀችው ሸክላ ከመካነ ሰላም የሸክላ አድማጮች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የማኅበራችን መሥራችና የሸክላ ክምችታችን ኃላፊ የነበሩት ወ/ሮ ፈርሂያ አራጌ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም በዕለቱ ቤተሰቦቻቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት በመካነ ሰላም ተፈጽሟል። የማኅበሩ ሀዘን ጥልቅ ነው። ሀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መግለጫ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ተቆጥተናል፤ በማን እንደተቆጣንም ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እንፈልጋለን።

ወ/ሮ ፈርሂያ በ1970 ዓ.ም. በቦረና ወረዳ ተወለዱ። በ1992 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ሄደው ለአሥራ ሁለት ዓመታት ሠርተዋል። በ1996 ዓ.ም. አሠሪያቸው በጥፊ መትቷቸው የግራ ጆሯቸው መስማት አቆመ። ሰውየው እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።

በ2004 ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ፣ ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን በሚጭንበት ሻንጣ ስልሳ ሦስት ሸክላ ይዘው መጡ። በሸክላ ዘመን ከኛ ሀገር ሸክላዎች አንዳንዶቹ የሚታተሙት እዚያ ስለነበር፣ በእረፍት ቀናቸው ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቀሙ ያጠራቀሟቸው ናቸው። ዘመድ ጎረቤት አዘነላቸውም ሳቀባቸውም። ያን ጊዜ ከሳቁት መካከል ዛሬ የማኅበሩ አባላት የሆንን አለን።

በ2006 ዓ.ም. በልብስ ስፌት ቤታቸው ጓዳ ይህን ማኅበር መሠረቱ። እሁድ እሁድ ከቀትር በኋላ እየተሰበሰብን ሸክላ እንሰማ ነበር። እሳቸው በበኩላቸው የአንድን ዘፈን ሞኖ ቅጂ፣ ማለት ድምፁ ሁሉ ባንድ ላይ የሚወጣበትን፣ እና ድምፁ በግራና በቀኝ ተከፍሎ የሚወጣበትን ስቴሪዮ ቅጂ ጎን ለጎን እያጫወቱ ልዩነቱን በደብተር ይመዘግቡ ጀመር። በሞኖው ከበሮው የት እንደሚቆም፣ በስቴሪዮው ወደየትኛው ወገን እንደሚገፋ፣ የትኛው ቅጂ በሌላ ቀን እንደተቀዳ፣ የአርባ አንድ ዘፈኖችን ንጽጽር ጽፈዋል። በአንድ ጆሮ ስቴሪዮ እንዴት ይሰማል እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን ማዳመጫውን አንድ ጊዜ አቅንተው፣ አንድ ጊዜ ገልብጠው በማድረግ የቀኙን ለብቻ፣ የግራውን ለብቻ ይሰሙ ነበር። ሁለት ጆሮ ያለን ሰዎች እንዲህ አድርገን ሰምተን አናውቅም። "ሞኖው ለጭፈራ ነው፤ ስቴሪዮው ለማጣራት" ይሉን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ያጣሩት ነገር የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ከታተመች አንዲት ሸክላ ላይ የተጻፈው የአንድ ወንድ ዘፋኝ ስም ብቻ ነው። በሞኖው ቅጂ ከከበሮው ጀርባ የሆነ ነገር ከመጉረምረም በቀር አይሰማም። ከቤይሩት በወዳጅ እጅ በደረሳቸው የስቴሪዮ ቅጂ ግን፣ በቀኙ ወገን አንዲት ሴት ሁለት ሙሉ ቤት ስትዘፍን ጥርት ብሎ ተሰማቸው። ሴትየዋን ፍለጋ በሚኒባስም በእግርም እየተጓዙ አቀስታ ድረስ ደረሱ፤ አገኟቸውም። ወ/ሮ አልታየች ይባላሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሸክላ ላይ ዘፍኛለሁ በማለታቸው አገሩ ለሃምሳ ዓመት "አልታየች ሸክላ" እያለ ሲያላግጥባቸው ኖሯል። የወለዷቸው ልጆች እንኳ አላመኗቸውም። ወ/ሮ ፈርሂያ የሁለቱን ቤት ግጥም ሲጠይቋቸው፣ ሴትየዋ ሸክላው ላይ እንዳለው አንድ ቃል ሳያዛንፉ አወረዱት። ሸክላዋን ከነማጫወቻዋ አቀስታ ወስደው፣ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በተሰበሰቡበት ሊያሰሙላቸው ቃል ገቡ። ቀጠሮው ለሰኔ 2011 ዓ.ም. ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ለዐውደ ርእይ ክምችታችንን እንድናውሰው ጠየቀን። ስሙን አንጠራውም፤ ራሱን ያውቃል። ወ/ሮ ፈርሂያ ዐውደ ርእዩን አልተቃወሙም። የመሥሪያ ቤቱን ማጫወቻ ሄደው አይተው ግን ደንግጠው ተመለሱ። ዕቃው ባለ እንጨት ሣጥን አሮጌ ሞኖ ነው። የሞኖ መርፌ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አያውቅም፤ በስቴሪዮ ሸክላ ላይ ሲያስቀምጡት የመስመሩን ግራና ቀኝ ይፍቃል። በቃለ ጉባኤያችን ላይ የሚከተለው ቃላቸው ሰፍሯል፦

"ሌላውን እንዳሻችሁ አድርጉት፤ ይችን አንዷን ግን ተዉልኝ። ወላሂ በዚያ መርፌ ከነኳት የሴትየዋን ነገር አበቃ በሉ። ሌላ የለኝም።"

ይህንኑ ቃለ ጉባኤ እናንብበው ከተባለ፣ ቀጥሎ የሰፈረው "ማኅበሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለውን መልካም ግንኙነት ከግምት በማስገባት ክምችቱ ሳይከፋፈል እንዲሰጥ በአሥራ አንድ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ወስኗል" የሚል ነው። ያቺ አንድ ተቃውሞ የእሳቸው ነበረች። አሥራ አንዱ ዛሬ ይህን መግለጫ የምናወጣው ሰዎች ነን።

ዐውደ ርእዩ ሦስት ቀን ቆየ። ማጫወቻው ለዓይን ያምራል ተብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ዋለ። መርፌው ሲዘልባቸው ደግሞ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ደረቡበት። ሸክላዎቹ ሲመለሱ የወ/ሮ አልታየች ድምፅ የነበረበት ወገን ቆሎ እንደሚቆላበት ብረት ምጣድ ይንጣጣ ነበር። ሰኔም መጣ፤ አቀስታ የሄደ ሰው አልነበረም።

ወ/ሮ ፈርሂያ ከዚያ ወዲህ ለመሥሪያ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈዋል። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ጥፋቱ ይታመን፤ በመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ መዝገብ ላይ ከወንዱ ዘፋኝ ስም ጎን የወ/ሮ አልታየች ስም ይጻፍ። የመጣላቸው መልስ ሁሉ "ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው" ይላል። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ምን ሲጣራ እንደነበር እንዲነገረን በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን። እሳቸው ሕመም በጠናባቸው ጊዜ እንኳ ሁለተኛ ቅጂ ፍለጋ ወደ ቤይሩት መጻፋቸውን አላቋረጡም፤ አላገኙም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሦስተኛው የለቅሶ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ልዑካን "ለቅርስ ጥበቃ ላበረከቱት አስተዋጽኦ" የሚል በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዘው ሀዘን ቤት ገቡ። የሟች እናት ወ/ሮ ዘይነባ አልተቀበሏቸውም። "ልጄ የለመነቻችሁ መልስ ነበር፤ አላህ ያሳያችሁ፣ ይሄን ይዛችሁ ሂዱልኝ" ብለዋቸዋል። ማኅበሩ በዚህ ቃል ላይ የሚጨምረው የለውም።

የሸክላዋ የስቴሪዮ ቅጂ ያለው ማንኛውም ሰው፣ በሀገር ውስጥም በዐረብ ሀገርም ያለ፣ በሞኖ ማጫወቻ ሳያስነካ እንዲያስታውቀን እንማጸናለን። ሸክላዋ የምትታወቅበትን ዝርዝር የያዘው የወ/ሮ ፈርሂያ ደብተር በስፌት ቤታቸው ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከለቅሶው መልስ፣ ጥር 14 ቀን፣ የመጀመሪያውን እውነተኛ መልስ ልኮልናል። ሸክላዋ ከመበላሸቷ በፊት የወ/ሮ አልታየችን ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ ሦስት የማኅበሩ አባላት በጽሑፍ ከመሰከሩ የዘፋኟን ስም እመዘግባለሁ ብሏል። በማግስቱ አሥራ አንዳችንም ተሰበሰብን። ሸክላዋ በእጃችን ሦስት ዓመት ቆይታለች። ወ/ሮ ፈርሂያ ማዳመጫውን እየዘረጉ "ቀኙን ብቻ ስሙልኝ" ሲሉን እሁድ እሁድ ከፊታቸው ተቀምጠን ነበር፤ እኛ እናዝ የነበረው የሚያስጨፍረውን ነው። መቅጃ ያለው አባላችን የሸክላዋን ድምፅ ሊቀዳላቸው ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ሦስት ጊዜ ቀርቷል። በስብሰባው የሰማ እጁን ያውጣ ሲባል አንድም እጅ አልወጣም።

ስለሆነም ማኅበሩ ለእናታቸው ለወ/ሮ ዘይነባ፣ ለወንድሞቻቸውና ለእህቶቻቸው እንዲሁም በስፌት ቤታቸው አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ አላህ ወ/ሮ ፈርሂያን በጀነት እንዲያኖራቸውም ይለምናል።

አቀስታ ለሚገኙት ለወ/ሮ አልታየች የምንልከው ከመጽናናት ምኞት በፊት ይቅርታ ነው። እናታችን፣ እንድንመሰክርልዎ ተጠይቀን ነበር። ልንመሰክርልዎ አልቻልንም። አልሰማንዎትም።

የመካነ ሰላም የሸክላ አድማጮች ማኅበር
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.