አየር ላይ የቀረችው ኳስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ሙቀት። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዛሬም አዲስ ነገር የለም። "የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት" ይላል። ልምዱን የሚሰጠኝ ሥራስ የት ነው ያለው? እሱን አይጽፉም።

እማዬ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ማኔጅመንት ማለት በጠዋት ተነስቶ ሰሌዳ ማንበብ ነው እንዴ?" አለችኝ። ወጣሁ።

ሙዐዊያ ጌም ቤት ሄድኩ። "ቤት" ማለት… የእናቱ በረንዳ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ወንድሙ ከጅዳ የላከለት ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ። ሰው ሁሉ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። እኔ ግን ማንም የማይነካውን ቴኒስ። የየድሮው ጌም ገጸ ባሕርያት አርጅተው፣ ተሰብስበው ቴኒስ የሚጫወቱበት ካርቱን ነው። ልጆች ሆነን በካሴቱ ጌም አጥር እየዘለለች የምትሮጠው ሰጎን አለች አይደል? እሷ! አርጅታ፣ ቀሚስ ለብሳ፣ ራኬት ይዛ። ስትናደድ ሜዳው ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ተጋጣሚዋን ያንሸራትተዋል። የሙዐዊያ ደግሞ ጀነራል ድንች ነው። ድንች ነው በቃ። ሜዳልያ የደረደረ ድንች።

ስጫወት ሐሳብ መጣልኝ። ለምን አንደራጅም? ጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ እየሰጠ ነው። እኔ፣ ሙዐዊያ፣ ጭማቂ የምትሠራው የአጎቱ ልጅ ዓይሻ፣ አብሮ አደጋችን ብሩክ። ጌምና የማንጎ ጭማቂ! በዚህ ሙቀት ማን ያልፈናል? ሁላችንም ተመራቂ፣ ሁላችንም ሥራ ፈት።

ፊርማ ተለማመድኩ። "ፍሬሕይወት፣ ሊቀመንበር"። ያምራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ቢሮ ሄድን። እስከ ኅዳር 10 የአባላት ስምና ሊቀመንበር ካላስገባን መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሼድ ለፀጉር አስተካካዮቹ ማኅበር ይሰጣል። ያ ሼድ! ጥላ ያለው፣ አላፊ አግዳሚው የማይጠፋበት…

ተሰበሰብን። መረጥን። ሁለት ለሁለት። ብሩክ እኔን፣ ዓይሻ ሙዐዊያን። እኔ እኔን። ሙዐዊያም ራሱን፣ አፍሮ እንኳ አያውቅም።

"ማሽኑ የኔ ነው" አለ።

"ሐሳቡ የኔ ነው" አልኩ። "በዚያ ላይ ማኔጅመንት የተማረው ማን ነው?"

"ድግሪሽን ሶኬት ላይ ሰኪውና ቴሌቪዥኑን ያብራልን እስቲ።"

ዓይሻ ማንጎ እየላጠች፣ "ቶሎ በሉ፣ ማንጎው እየጠቆረ ነው" ትላለች። ስለ ወንበሩ ግድም የላት።

ብሩክ ነው መላውን ያመጣው። "በቴኒስ ይለይላችሁ!" ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ… እሺ ተባባልን። ለምን እሺ አልኩ? ምክንያቱም አሸንፈዋለሁ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 26

አውራ ጣቴ አብጧል።

እሑድ፣ ጥቅምት 28

መጻፍ አልችልም ከንዴት። ግን ልጻፍ።

በረንዳው ሞልቶ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ። እስከ መጨረሻው እኩል ለእኩል ሄድን። አንዲት ነጥብ ቀረች፤ ያገኛት ሊቀመንበር ነው። ሰጎኔ ዘለለች፣ ክንፏን ዘርግታ መታቻት፣ ኳሷ በድንቹ አናት ላይ አለፈች፣ ወደ ጥጉ፣ ወደ መስመሩ…

መብራት ጠፋ።

ሲመጣ ማሽኑ ሁሉን ረስቷል። እንደ አዲስ "ተጫዋች ምረጥ" ይላል። አሁን ማንን ልምረጥ!

"ገብታ ነበር!" አልኩ።

"ወጥታ ነበር! ወላሂ ወጥታ ነበር!"

"አየሃት?"

"አንቺስ አየሻት?"

"እንደገና ተጫወቱ" አለ ብሩክ። ያሸነፍኩትን ለምን እንደገና እጫወታለሁ? ሙዐዊያም እንደዚያው አለ። ከዚያ ስለ ሰጎኔ የማይባል ነገር ተናገረ። "ዶሮ" አላት። እኔም ስለ ድንቹ የምለውን አልኩ። ዲስኩን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ኪሱ! በላብ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 30

አንነጋገርም። መንገድ ላይ አየኝና ባዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ።

እማዬ፣ "ለሽማግሌ ስጡት" አለች። "ለድንች?" አልኳት። "በዚህ አገር ለስንት ነገር ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ድንች ምን አነሰው?"

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሼ ወርቁና ጋሽ አብዱልሃዲ። ጋሼ ወርቁ የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ጋሽ አብዱልሃዲ ደግሞ የእህል ነጋዴ። እዚህ አካባቢ ድንበር የገፋ ሁሉ በሁለቱ እጅ ነው የሚያልፈው። ከጁምዓ መልስ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን አጋደሙ።

"ለምንፈርደው ፍርድ ዋስ ጥሩ" አሉ ጋሼ ወርቁ። ብሩክን ጠራሁ። ሙዐዊያ ዓይሻን።

"እሺ። ኳሷን ማን መታት?"

"ሰጎኔ ናት ጋሼ።"

"ሱብሐነላህ! ሰጎን ማርባት ጀመራችሁ እንዴ?" አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ።

"ቴሌቪዥን ውስጥ ናት።"

"እሺ፤ መታቻት። የት ወደቀች?"

"ውስጥ!" እኔ።

"ውጪ!" እሱ።

"ጸጥ በሉ! ስትወድቅ በዓይኑ ያየ ማን አለ?"

ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ። ብሩክ ነው ያፈረጠው። "እውነቱን ለመናገር ጋሼ… አልወደቀችም። መብራት ጠፋ።"

"ታዲያ የት ገባች?"

"አየር ላይ ናት።"

"እስካሁን?"

"…እስካሁን መሰለኝ።"

ጋሽ አብዱልሃዲ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ማርያምን፣ አዩ!

ጋሼ ወርቁ ግን አልሳቁም። "መስመሩን ማን አካለለው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ፋብሪካው ነው ጋሼ።"

"አዋሳኝ ሳይጠራ?"

ከዚያ ፈረዱ። "ድንበር በወሬ አይፈረድም። ቦታው ይታይ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ሽማግሌዎቹ ቦታውን ሊያዩ መጡ። ጋሼ ወርቁ የመሬት መለኪያ ገመዳቸውን ይዘዋል። እውነቴን ነው። ዓይሻ ቴሌቪዥኑን ወለወለችላቸው። ከመረቡ እስከ መስመሩ በገመድ ለኩ፤ አልመች ሲላቸው በስንዝር። "ጠባብ ይዞታ ነው" አሉ።

ከዚያ ጋሼ ወርቁ፣ "ከዚህ ቦታ የተመታች ኳስ እዚያ ትደርሳለች ወይ? ይሞከር።" ብለው ጆይስቲኩን ገልብጠው ያዙ። አቃናሁላቸው። ጋሽ አብዱልሃዲ፣ "ለኔ ድንቹን አምጡልኝ። በልጁ ቦታ ሆኜ ልየው" አሉ።

መጀመሪያ ሰጎኔ መረቡ ላይ ተለጠፈች። ድንቹ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። "ዙር አንተ! ወዲህ ዙር!" ይሉታል ጋሽ አብዱልሃዲ፣ እንደ በሬ። ግን ለመዱት። ቶሎ ለመዱት። ጭማቂ ተጠጣ፣ ኮት ወለቀ። የእኛን ጉዳይ ያስታወሰ የለም። እኔና ሙዐዊያ ግራና ቀኝ ቆመን አልተነጋገርንም፤ ግን አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሳቄን ዋጥኩት።

ጋሼ ወርቁ ሳያውቁት አንድ ቁልፍ ነኩ። እንቁላል! ድንቹ ተንሸራተተ፣ ነጥቡ ሄደ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ። "ሰው መሄጃ ላይ እንቁላል መጣል የምን ጨዋነት ነው?"

"ሰጎኗ ናት እንጂ እኔ መቼ ጣልኩ?"

ጋሽ አብዱልሃዲም አንድ ቁልፍ አገኙ። ድንቹ መሬት ውስጥ ገባና በመረቡ ሥር አልፎ በዚህ ወገን ብቅ አለ። ጋሼ ወርቁ ከወንበራቸው ተነሱ።

"በሥር ድንበር መግፋት! አብዱልሃዲ፣ አንተ ነህ ይኼን የምትሠራ? ይኼን ያህል ዘመን ከኔ ጋር ድንበር ስትፈርድ?"

"ጨዋታ ነው እኮ ወርቁ!"

"ድንበር ጨዋታ የለውም!"

አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዱ። ገመዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ነገ አረፋ ነው። ጋሼ ወርቁ በየዓመቱ ጋሽ አብዱልሃዲ ቤት ሳይሄዱ አይቀሩም ነበር። ዘንድሮ "አልሄድም" ብለዋል። ገበያው ሁሉ አወራ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሁለት ሽማግሌ አጣላችሁ፤ አሁን ለሽማግሌ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?" አለችኝ። አሽሙር ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን? ለአንዲት ፊርማ?

ሙዐዊያ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደኛ ቤት ሊመጣ ጫማውን ሲያስር።

"ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ እንጠይቃቸው" አልኩ።

"ድንጋዩ ምን አጠፋ?" አለ። አሰበ። "ያጣላቸውን ነው መሸከም ያለብን።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 (አረፋ)

ጆይስቲኮቹን አንገታችን ላይ አጥልቀን ወጣን። ሽቦው ደረታችን ላይ ይወዛወዛል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ "እናንተ! ቻርጅ ላይ ናችሁ?" አለን። ሕፃናት ተከተሉን። ዞሬ አላየሁም።

መንገድ ላይ፣ "ፍሬ… ኳሷ ገብታ ነበር መሰለኝ" አለኝ።

ቆምኩ። "አይ፣ ሳስበው ሳስበው ወጥታ ነበር።"

"ገብታ ነበር እያልኩሽ!"

"አልገባችም! አትዋሽ በበዓል!"

ጋሼ ወርቁ በር እስክንደርስ ተጨቃጨቅን። ወጥተው አዩን። አንገታችን ጎንበስ፣ በድንጋይ ፈንታ ጆይስቲክ። ፊታቸው ሳይፈታ ቆየ… ቆየ… ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። "አንቺ ልጅ… ሂዱ ወዲያ! ቆይ፣ ጋቢዬን ላምጣ።"

ጋሽ አብዱልሃዲ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው የሚጠብቁ አይመስሉም፤ ወንበር ግን ሁለት ነው። ጋሼ ወርቁ፣ "ዒድ ሙባረክ፣ አንተ ድንበር ገፊ" አሉ።

"ና ግባ፣ አንተ እንቁላል ጣይ። ማርህ ተቀምጧል።"

ለሳቸው ብለው በየዓመቱ የሚያስቀምጡት ማር። ዘንድሮም አስቀምጠውት ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሙዐዊያ እንዳያይ ወደ ፍየሎቹ ዞርኩ።

ማሩ ሲጋመስ ነገራችን ተነሳ። "ገብታለች" አለ ሙዐዊያ። "ወጥታለች" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ባለፈው ተቃራኒውን አይደል ያላችሁት?"

"አዎ ጋሽ።"

"እንግዲህ ሁለታችሁም አታውቁም" አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ። ጋሼ ወርቁ ፈረዱ። "ኳሷ አየር ላይ ናት። እስክትወድቅ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ። ያቺ… ጭማቂ የምትሠራዋ።"

ዓይሻ ስትሰማ፣ "እኔን ምን አድርጌያችሁ?" አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ስም አስገባን። ሼዱ የኛ ሆነ። ፀጉር አስተካካዮቹ ገላመጡን። እኔ ጸሐፊ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25

ሼዱ ሞልቶ ዋለ። ዓይሻ ትገርማለች። "ጭማቂ ያልጠጣ ጆይስቲክ አይነካም" የሚል ሕግ አወጣች፤ ማንም አልተቃወመም። እኔ ብሆን ለዚህ ሦስት ስብሰባ እጠራ ነበር። ስለ ሰሌዳው ደግሞ አሁን ነው ያስታወስኩት፤ ይኸው ሳምንት ሙሉ አላነበብኩትም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዛሬ አምሽተው ሲጫወቱ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጋሼ ወርቁ በዚያ ጨለማ፣ "ማንም እንዳይንቀሳቀስ! ኳሷ አየር ላይ ናት!" ብለው ጮኹ። ጋሽ አብዱልሃዲ ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቀለ።

ሁሉም ሲሄድ እኔና ሙዐዊያ ወንበር ስንሰበስብ ቀረን። መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰጎኔና ድንቹ ጎን ለጎን ቆመው፣ "ተጫዋች ምረጥ"።

"ያቺን አንዲት ነጥብ እንጨርሳት?" አለኝ። ጆይስቲኩን አቀበለኝ።

ያዝኩት። አውራ ጣቴ ቁልፉን አገኘው… ሊቀመንበር ፍሬሕይወት። ያምራል አሁንም። ግን ኳሷ ከወደቀች ዓይሻ መነሳቷ ነው። ከዚያ ደግሞ እኔና እሱ…

"ትቆይ" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"ምን ቸገረህ? አየር ላይ ናት።"

ሳቀና ማሽኑን አጠፋው። እስከ ቤቴ ሸኘኝ፤ ቤታቸው በዚያ በኩል አይደለም።